«ቢበዛ በሽንት ይወጣል»

አክስቴን ማታ ማታ እግሯን ያቃጥላት ጀመር። የሰፈር ሰው የነገራትን ይዛ መድኃኒት ቤት ሄደችና ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 አንድ ላይ ያሉበትን ኪኒን ገዛች። «ቫይታሚን እኮ ነው እናቴ፤ ቢበዛ በሽንት ይወጣል» አላት ሻጩ። ሁለት ዓመት ዋጠችው። ድንዛዜው እጇ ላይ ሲደርስ መጠኑ ያነሳት መስሏት እጥፍ አደረገችው።

አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ቢ እና ሲ ቫይታሚኖች በውኃ ይሟሟሉ፣ ኩላሊትም ትርፉን ያስወጣል። ሽንቱ ደማቅ ቢጫ ሲሆን ያየ ሰው «ይኸው ወጣ» ቢል አይፈረድበትም። ቀለሙ ግን የቢ2 ነው። ቢ6 ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ ራሱ ነርቭን ይጎዳል። በ1983 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሐኪሞች በቀን ከ2 እስከ 6 ግራም ሲወስዱ ቆይተው አረማመዳቸው የተዛባ 7 ሰዎችን ታሪክ ይፋ አደረጉ፤ በኋላም በጣም ባነሰ መጠን ጉዳቱ ታይቷል። አሜሪካ ለአዋቂ ያስቀመጠችው ጣሪያ በቀን 100 ሚሊግራም ሲሆን አውሮፓ በ2023 ወደ 12 አውርዶታል። ከእነዚህ ኪኒኖች አንዳንዶቹ በአንዷ ፍሬ ብቻ 200 ሚሊግራም ይይዛሉ!

ክፋቱ፣ ጉዳቱ የሚጀምረው በድንዛዜና በማቃጠል ነው፤ ሰው ኪኒኑን የገዛበት ሕመምም ያው ነው። ስለዚህ ሲብስበት ይጨምራል። አክስቴ በመጨረሻ ስትመረመር ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከጉዳቱ የትኛው የስኳሩ፣ የትኛው የኪኒኑ እንደሆነ ሐኪሙም ለይቶ መናገር አልቻለም። «ስኳርዎን ተለክተዋል?» ብሎ ሳይጠይቅ ለዓመታት የሸጠላትን ሰው ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

ሌሎቹን ባጭሩ። «ቫይታሚን አጫሽን ከካንሰር ይጠብቃል» ይባላል፤ ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሾች ላይ ተሞክሮ፣ በ1994 በወጣው ውጤት ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። «ለነፍሰ ጡር ሁሉም ይጠቅማል» የሚለውም ስህተት ነው፤ ከልክ ያለፈ ቫይታሚን ኤ ፅንስን ያበላሻል። ከእርግዝና በፊት የሚጀመረው 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ግን የሕፃኑን አከርካሪ ይጠብቃል። የቲቢ መድኃኒት ከሆነው አይሶናያዚድ ጋር ሐኪም ያዘዘላችሁን ቢ6ም እንዳታቋርጡ፤ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ነርቫችሁንም ይጠብቃል።

እግራችሁን የሚያቃጥላችሁ ግን መጀመሪያ ስኳራችሁን ተለኩ። ሐኪም ጋ ስትሄዱ የምትውጡትን ቫይታሚን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ።