አንዳንድ ጊዜ የሚለሰልስ ፍሬን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ለሰው ነው፤ ነገር ግን በሽታን በመደበቅ መኪናን የሚያህል በሽተኛ ያለ አይመስለኝም። መንገድ ላይ ስታስጨንቅ ትከርምና ጋራዥ ደጃፍ ስትደርስ ጤነኛ ትሆናለች።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። አባቴ ሰባት ሰው የምትይዝ፥ ዕድሜዋ የገፋ የቤተ ሰብ መኪና አለችው። አንዳንድ ቀን ፍሬን ሲይዝ ፔዳሉ እንደ ጥጥ ይለሰልስና ወደ ታች ይሰምጣል፤ በማግሥቱ ግን እንደ ወትሮው ጠንክሮ ይገኛል። አባቴ ሦስት ጋራዥ ሄደ። በመጀመሪያው የፍሬን ዘይት ተጨመረለት፤ በሁለተኛው የፊት ሸራ ተለወጠለት፤ በሦስተኛው መካኒኩ ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ረገጠና «ምንም የላትም አባባ፤ ምናልባት የእግርዎ ነገር ይሆናል» አለው። አባቴም አፍሮ ተመለሰ። በሳምንቱ እናቴና ታናናሽ እኅቶቼ ተሳፍረው ሳሉ ቁልቁለት ላይ የትራፊክ መብራት ያዛቸው። አባቴ ፍሬኑን እንደ ያዘ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ሰመጠና መኪናዪቱ ወደ ፊት ተንሸራተተች። ከፊት የቆመውን መኪና ሳትገጭ የቀረችው በእጅ ፍሬን ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ጉድለት እንዴት ይመረመራል?

ነገሩን ለመረዳት የምሕንድስና ተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሆንሁት እኔም ገብቶኛል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ማስተር ሲሊንደር በሚባለው ዕቃ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን ይገፋል። ዘይቱም በቀጫጭን ቱቦ ወደ አራቱ ጎማዎች ደርሶ ሸራውን ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ግፊትን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚያስተላልፍ በ17ኛው መቶ ዓመት የገለጠው ፈረንሳዊው ፓስካል ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ ስለዚህ ጤነኛ ፔዳል ጠንካራ ነው። ከለሰለሰ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፤ ወይ በዘይቱ መካከል የሚጨመቅ አየር ወይም እንፋሎት ገብቷል፤ ወይ ዘይቱ መሄድ በማይገባው በኩል ያመልጣል፤ ወይም ሸራው ከሚይዘው ነገር ርቋል።

ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረን «አንዳንድ ጊዜ» የሚለው ቃል ራሱ ነው፤ ይኸውም «መቼ?» ብለን ስንጠይቀው ነው።

ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ለስልሶ ሲበርድ የሚጠነክር ከሆነ ዘይቱ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ከገባበት በኋላ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ለዶት 4 ቁጥሩ 230 እና 155 ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወረድ፥ በከባድ ማርሽ ፈንታ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሾፌር ሸራውን ያግላል፤ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ያልፋል፤ ዘይቱም ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። ጋራዥ እስኪደርስ ስለሚበርድ መካኒኩ ምንም አያገኝም። መድኃኒቱ ዘይቱን በሙሉ መለወጥ ነው እንጂ መጨመር አይደለም።

የመጀመሪያው ርግጫ ሰምጦ ሁለተኛው የሚይዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ የኋላው ታምቡር ሸራ መስተካከል ይፈልጋል። ይህ የሚሆነው ከኮረኮንች መንገድ ወይም ከጠመዝማዛ በኋላ ብቻ ከሆነ ደግሞ የጎማው ኩሽኔታ ይመርመር፤ የላላ ኩሽኔታ ዲስኩን እያወዛወዘ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋልና።

ፔዳሉ እንደ ላስቲክ የሚነጥርና ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ የሚል ከሆነ አየር ገብቶበታል። አየር ያለ ምክንያት አይገባም፤ ወይ ቱቦ ተፈትቶ ነበር፤ ወይ ዘይት ጎድሎ ነበር። የዘይቱ መጠን የሚቀንስ ከሆነ ግን ወደ ውጭ እየፈሰሰ ወይም ወደ ፍሬን ማገዣው ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ መኪናውም እስኪጠገን ከቦታው አይነሣ።

የመጨረሻው ተንኰለኛ ነው። ዘይቱ አይጎድልም፤ አየርም የለም፤ በፍጥነት ሲረግጡት ፔዳሉ ይይዛል፤ በዝግታ ይዘው ሲቆዩ ግን ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ይህ የማስተር ሲሊንደሩ የጎማ ቀለበት ማለቅ ነው። በኃይል ሲረገጥ ግፊቱ የቀለበቱን ከንፈር ከግድግዳው ጋር ስለሚያጣብቀው ዘይቱ አያመልጥም። ቀስ ተብሎ ሲረገጥ ግን ዘይቱ በቀለበቱ ዳር ሾልኮ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሦስተኛው መካኒክ ያላገኘው ስለዚህ ነው፤ ሁለት ጊዜ በኃይል ረገጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያዘ።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነበር። መኪናዪቱን አቆምናትና አባቴ ከዚያ በፊት የለሰለሰበትን ቀን ሁሉ እያስታወሰ ነገረኝ፤ እኔም በደብተር ጻፍሁ። የት ነበርህ? ሞተሩ ግሎ ነበር? በኃይል ረገጥህ ወይስ ይዘህ ቆየህ? ስድስት ጊዜ አስታወሰ፤ ስድስቱም ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። ከዚያ በሜዳ ቦታ፥ ጎማው ታግዶ፥ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን በልክ ተጭኖ አንድ ደቂቃ ያህል ያዘ። ፔዳሉ እየሰመጠ ሄደ። (ሞተር ሲነሣ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ማለቱ ጤና ነው፤ ማገዣው መሥራቱን ያሳያል። መስመጡን ከቀጠለ ነው ሕመሙ።) ደብተሩን ይዘን ወደ አራተኛ መካኒክ ሄድን። አንብቦ፥ ራሱም ቀስ ብሎ ይዞ አየና ማስተር ሲሊንደሩን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ፔዳሉ አልሰመጠም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በአሮጌ መኪና ላይ አየር ሲወጣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ መርገጥ ደግ አይደለም። ፒስተኑ ዘወትር ወደማይደርስበት የዛገ ክፍል ይገባና ቀለበቱን ይቀደዋል፤ ስለዚህ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ማኖር ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን ላስታውስ የምፈልገው ይህን ነው። ሾፌር የሚለውን ሳይሰሙ «የእግርህ ነገር ነው» ማለት ምርመራ አይደለም። ሾፌሩም በበኩሉ «አንዳንድ ጊዜ ይለሰልሳል» ብሎ ቢያቆም ምስክርነቱ ጎደሎ ነው። መቼና እንዴት እንደ ሆነ ይናገር፤ መካኒኩም በዚያው ሁኔታ ይፈትን። እስከዚያው ድረስ ግን ዛሬ ያዘ ተብሎ ልጆች አይሳፈሩ፤ ሄዶ የሚመለስ ሕመም የዳነ ሕመም አይደለምና።