እንስሳትን ለሚወድ ተማሪ የክረምት አገልግሎት

እንስሳትን መውደድና ለእንስሳት መድከም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቡችላ ማቀፍ ደስ የማይለው ልጅ ጥቂት ነው፤ በዝናብ ወጥቶ በረት የሚጠርግም እንዲሁ ጥቂት ነው። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማለት አንድ ሰው ደመወዝ ሳይጠይቅ፣ በራሱ ፈቃድ ለሌላው ጥቅም የሚሠራው ሥራ ነው። ፍቅር በተግባር የሚታየውም በእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሸቤና በሰርቦ፣ ተማሪው የሚያርፈው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ወራት ቡናው ገና አልቀላም፤ ለቀማው የሚጧጧፈው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ለቀማው ሲደርስ የጋማ ከብቶች ቡና ተጭነው ከማሳ ወደ ገበያ ይመላለሳሉ። በክረምት ያልዳነ ገጣባ ያን ጊዜ ጭነት ሲያርፍበት ይብሳል። ስለዚህ ክረምት ለተማሪው የዕረፍት ጊዜ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ለቆሰለው አጋሰስም ቁስሉ የሚጠግግበት ጊዜ ሊሆን ይገባል።

ሥራው የሚገኘው እንስሳቱ ባሉበት ቦታ ነው። በመጀመሪያ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መጠየቅ ይቻላል። ተማሪው በዚያ መርፌ ባይወጋም፣ በክትባት ቀን የባለቤቶችን ስም መመዝገብ፣ ተራ ማስጠበቅና ግቢ መጥረግ ይችላል። ቀጥሎ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ መሠረቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 የተቋቋመው የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። ከሁሉ የሚቀርበው ግን ጎረቤት ነው። ለባለጋሪው ፈረስ ውሃ ማቅረብ፣ ቆዳ የሚልጠውን የገመድ ማሰሪያ በለስላሳ ጨርቅ መጠቅለል፣ ለአንዲት አሮጊት ላም ሣር ማጨድ እውነተኛ አገልግሎት ነው።

አገልግሎቱን ለማግኘት ማመልከቻ መጻፍ ይጠቅማል። በማመልከቻው ላይ «እንስሳትን እወዳለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። አመልካቹ ስሙንና ክፍሉን፣ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ፣ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም የወላጆቹን ፈቃድ መግለጽ አለበት። «ሰኞና ሐሙስ ከጧቱ 2 እስከ 5 ሰዓት እመጣለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ከብዙ የፍቅር ቃል ይበልጥ ኃላፊውን ያሳምናል።

ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ወሰን አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ዕድሜያቸው ከዚያ በላይ ሆኖ 18 ዓመት ያልሞላቸውንም ከአደገኛ ሥራ ይጠብቃል። በነፃ የሚያገለግል ተማሪም ይህንኑ ጥንቃቄ መከተል ይገባዋል። ከሁሉ በላይ ግን ባለቤት የሌለውን ውሻ መንካት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በእብድ ውሻ በሽታ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ እጅግ ጥቂት ነው። ስለሆነም የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጠየቅ አለበት።

በመጨረሻም የጀመሩትን መፈጸም ያስፈልጋል። ፈረስ ተማሪው የቀረበትን ምክንያት ሊያውቅ አይችልም፤ ውሃ ሳይጠጣ መዋሉን ግን ያውቀዋል።

መልመጃ

1. «ገጣባ»፣ «አጋሰስ» እና «የጋማ ከብት» የሚሉትን ቃላት ፍቺ ከምንባቡ አገባባቸው በመነሣት አስረዱ።
2. ጸሐፊው ክረምትን ከቡና ለቀማ ጋር ያያያዘው ለምንድን ነው?
3. በወረዳችሁ ለሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ የክረምት አገልግሎት ለመስጠት የምትጠይቁበትን ማመልከቻ ጻፉ።