በኑክና በኢቃሉይት መካከል ስላለው የአይሮፕላን መንገድ

አባቶቻችን የአገርን ርቀት የሚናገሩት በቀን ጉዞ ነበር። የሦስት ቀን መንገድ ነው ሲሉ ከምድሩ ርዝመት ጋር ዳገቱንና ቁልቁለቱን፥ የወንዙንም ሙላት አብረው መቍጠራቸው ነው። አይሮፕላን ከመጣ ወዲህ ግን ብዙ ሰው የኪሎ ሜትሩን ቍጥር ካወቀ የጉዞውንም ጊዜ ያወቀ ይመስለዋል። በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ያሉ ሁለት የአይሮፕላን ማረፊያዎች የቀድሞው አቈጣጠር ዛሬም እንደሚያስፈልግ ያስረዳሉ።

አንደኛው በግሪንላንድ ዋና ከተማ በኑክ፥ ሁለተኛው በካናዳ የኑናቩት ግዛት ዋና ከተማ በኢቃሉይት ይገኛል። ሁለቱም ከተሞች ከሌላ ከተማ ጋር የሚያገናኛቸው የምድር መንገድ የላቸውም። በመካከላቸው ዴቪስ የሚባለው ባሕር አለ፤ ርቀቱም በቀጥታ 820 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፕሮፔለር የሚበር መካከለኛ አይሮፕላን ይህን በሁለት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። የከተሞቹ ሰዓት በሦስት ስለሚለያይ፥ ከኑክ በ6 ሰዓት የተነሣ መንገደኛ ኢቃሉይት ሲደርስ የከተማው ሰዓት ገና 5 ይላል።

ቀጥታው በረራ በሌለበት ወራት ግን ይኸው መንገደኛ ወደ ምዕራብ ለመሄድ አስቀድሞ ወደ ምሥራቅ መብረር ይኖርበታል። በአይስላንድ በኩል አትላንቲክን ተሻግሮ ቶሮንቶ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ኦታዋ፥ ከኦታዋም 2,100 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሶ ወደ ሰሜን ይወጣል። ቢደመር ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ የማደሪያውና የመጠበቂያው ጊዜ ሳይቈጠር።

መንገዱን ያስረዘመው ውርጭ አይደለም፤ የአስተዳደር ታሪክ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።) ሀንስ ኤገደ የሚባለው ቄስ በ1721 ከኖርዌይ ወደ ግሪንላንድ ተሻገረ፤ ኑክም በ1728 ተቈረቈረች። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ መርከብም ሹምም የሚመጣው ከኮፐንሀገን ሆነ። በኅዳር 2024 በኑክ 2,200 ሜትር የሆነ አዲስ የማኰብኰቢያ ሜዳ በተከፈተ ጊዜም፥ 3,540 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ኮፐንሀገን ታላላቅ አይሮፕላኖች በቀጥታ መብረር ጀመሩ። የኢቃሉይት ነገር ይልቁን ያስገርማል። ሜዳውን በ1942 የአሜሪካ ጦር የሠራው አይሮፕላኖች በግሪንላንድና በአይስላንድ በኩል ወደ እንግሊዝ እንዲሻገሩበት አስቦ ነበር። ወደ ምሥራቅ ለመሻገር የተሠራው ሜዳ ዛሬ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሯል፤ በከተማው ሊታከም ያልቻለ በሽተኛም የሚላከው ወደ ኦታዋ ነው።

በሁለቱ ዳርቻ የሚኖረው ግን አንድ ሕዝብ ነው። ኢኑይት ይባላል፤ የቋንቋቸውም ግንድ አንድ ነው። ከ2012 እስከ 2014 በሙቀቱ ወራት ቀጥታ በረራ ተሞክሮ ቀረ፤ በ2024 ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ሆኖ እንደገና ተጀመረ። መንገደኛው ጥቂት ነው የሚል ክርክር ይሰማል። መንገዱ ለጥቂት ወራት ብቻ እየተከፈተ ግን መንገደኛ ሊበዛ አይችልም፤ ነጋዴ ዕቃውን፥ ተማሪም ትምህርቱን በዚህ ላይ አያቅድም። ወጪውን ለአይሮፕላን ኩባንያዎች ብቻ ከመተው ይልቅ ሁለቱ መንግሥታት በክረምቱም ወራት ቢካፈሉት ተገቢ ይመስለናል፤ ያን ጊዜ የኢቃሉይት ባሕር በበረዶ ስለሚዘጋ መርከብም አይገባምና።