የጭድ ተራው እንዶድና የውሃ ዛጎል

በመርካቶ ጭድ ተራ ከጭዱ ክምር አጠገብ የደረቀ እንዶድ የሚሸጡ እናት አየሁ። አንድ ወጣት ቆም ብሎ፣ «እማማ፣ በሳሙና ዘመን ይህን ማን ይገዛዎታል?» ሲላቸው፣ «ነጠላው እንዲነጣለት የሚሻ ነዋ!» ብለው መለሱለት።

ክቡራን መምህራንና አንባብያን፤ ይህ ፍሬ ሸማ ከማንጣት ያለፈ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አገኙ። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ የሚፈለፈለውም በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ተራብቶ ይወጣና የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ያጠፋ ሰው የትሉን መንገድ ቆረጠ ማለት ነው።

ሁለተኛውን ታሪክ የሰማሁት ግን በአገሬ ሳይሆን በባሕር ማዶ ስማር ነው። ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ የመጣች፣ እንደ ሜዳ አህያ ባለ መስመር፣ የጣት ጥፍር የምታህል ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል አለች። መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ በሚጭኑት ውሃ ውስጥ ሆና ውቅያኖስ ተሻግራ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካና በካናዳ ወሰን በሴንት ክሌር ሐይቅ ተገኘች። አንዲቱ እንስት በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከገላዋ በምታወጣው ክር ከቧንቧ ጋር ትጣበቃለች፤ አንዷ በሌላዋ ላይ እየተደራረበችም ቧንቧውን ትደፍናለች። በ1989 የሚቺጋኗ ሞንሮ ከተማ በዚሁ ምክንያት ውሃ ተቋርጦባት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990 ዶክተር አክሊሉ የክብር ዲግሪ ለመቀበል ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርስቲ በሄዱ ጊዜ እንዶድ በዚህች ዛጎል ላይ ተሞከረ፤ ገደላትም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የአጠቃቀሙ ዘዴ በአሜሪካ በፓተንት ተመዘገበ። ፍሬውን ለዘመናት ሲወቅጡ የኖሩት እናቶቻችን ግን በዚያ መዝገብ አልተጻፉም፤ እኔም ይህን ሳስብ ቅር ይለኛል።

ስለ አያያዙ አንድ ነገር ላክል። እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና አረፋውን ዓሣ ባለበት ኩሬ ወይም ወንዝ አትድፉት። ለሆድ ትል ብሎ የሚጠጣውም ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል። በቢልሃርዚያ የታመመ ሰው እንዶድን ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ኪኒን ፕራዚኳንቴል ይባላል።