የሽንኩርት ነህ የቤት?

ሸዋ ሮቢት ላይ «ደላላ ነኝ» ካልክ ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ «የሽንኩርት ነህ የቤት?» ነው። እኔ የቤት ነኝ። ከአምና ጀምሮ ደግሞ ፈቃድ ያለኝ የቤት ደላላ ነኝ። በውስጥ መስመር «እንዴት አወጣኸው? ፈተና አለው ወይ?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ አንዴ ለሁላችሁም ልጻፈው።

እኔን የፈተነኝ የለም። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ይህንኑ ሥራ የጀመረችው 60 ሰዓት ተምራ፣ ሁለት ክፍል ያለው ፈተና አልፋ፣ ከዚያ በኋላም በነባር ደላላ ሥር ገብታ ነው። የእኔን ስነግራት «በቃ? ይኸው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ይኸው ነው። መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ከገቢዎች የሚሰጥ ቲን ቁጥር፣ የቢሮ ኪራይ ውል፣ ካፒታልህን ማስመዝገብ። ንግድ መዝገብ ውስጥ ትገባለህ፣ ፈቃዱን ትወስዳለህ፣ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ታድሳለህ። «ደላላ ደግሞ ነጋዴ ነው እንዴ?» ለሚለኝ ሰው፣ በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ እንኳ ደላላን ከነጋዴዎች ተራ ቆጥሮታል።

ፈተናው የመጣብኝ ፈቃድ ከማውጣቴ በፊት ነበር።

የአንድ ቤት ሻጭና ገዢ አገናኘሁ። ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በደብተር ወረቀት፣ ሁለት ምስክር ይዘን ተፈራረምን። ገዢው 50,000 ብር ቀብድ ቆጥሮ ሰጠ፤ እኔም ድርሻዬን ተቀበልኩ። በሳምንቱ የሻጩ ሚስት ከደብረ ብርሃን መጣች። ቢሮ አልነበረኝምና በዚያው ሻይ ቤት አገኘችኝ። አልጮኸችም። «ወንድሜ፣ የእኔን ቤት ማን ሸጦ ነው አንተ የበላህበት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ፈቃድ እንደማይሸጥ አላውቅም ነበር። ገዢው «ቀብዴን ድርብ አድርጉ» ብሎ ቆመ፤ ባልየው «ደላላው አጣድፎኝ ነው» ብሎ በእኔ አሳበበ። በሽማግሌ አለቀ። የበላሁትን መለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ነው የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገዝቼ ማንበብ የጀመርኩት። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ አጠፌታውን ይመልሳል፤ አንቀጽ 1885 ላይ አለ። ለካ ገዢው የጠየቀው ከራሱ የፈጠረው ነገር አልነበረም። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም፣ 2877። በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ፊት መመዝገብ አለበት፣ 1723። የሰበር ችሎቱ መዝገብ ቁጥር 21448ን ሕግ የተማረ ወዳጅ ካላችሁ ጠይቁት፤ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም የተባለበት ነው። የእኛ የሻይ ቤት ወረቀት እንግዲህ ለስኳር መጠቅለያም አይሆንም ነበር። በ2017 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትንና ግመታን የሚመለከት አዋጅ ወጥቷል።

አሁን ቤት ሲመጣልኝ ዋጋ አልጠይቅም። ካርታው በማን ስም ነው? ሻጩ ባለቤቱ ነው ወይስ ውክልና ይዞ? ውክልናው መሸጥን ይጨምራል? ባንክ ወይም ፍርድ ቤት ያሳገደው ነገር አለ? ፎቶ ኮፒ አላምንም፤ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ከማኅደሩ ጋር አስተያያለሁ። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ሲገባ ሰው ነፍሱን ይዞ ነው የወጣው፤ ሲመለስ ካርታው የጠፋበት ደንበኛ አለኝ። እንዲህ ያለ ክፍተት ላይ የሚያደባ ሰው አይጠፋም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ጨረቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አልነካም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የእርሻ መሬት ነው። ባለፈው ሳምንት ከጀውሃ በኩል አንድ አባት መጡ። ቀትር ነው፣ የሮቢት ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ቬንትሌተሩ ትኩስ አየር ነው የሚያዞረው። ከሽርጣቸው እጥፋት በፌስታል የተጠቀለለ አረንጓዴ የመሬት ይዞታ ደብተር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ውሃ የሚገባው፣ ሽንኩርት የሚበቅልበት መሬት ነው። ከአዲስ አበባ ሰው መጥቷል፣ ጥሩ ይከፍላል።

«አባቴ፣ ይህ አይሸጥም» አልኳቸው።

«የኔ አይደል እንዴ ልጄ?»

«የእርስዎ ነው። ያርሱታል፣ ያከራዩታል፣ ለልጅዎ ያወርሱታል። መሸጥ ግን ሕገ መንግሥቱም አይፈቅድም። አንቀጽ 40።»

«ወላሂ፣ ጎረቤቴ ሸጧል እኮ።»

ሸጦ ይሆናል። በብድር ስም ወረቀት ተጽፎ፣ በኪራይ ስም ተጽፎ፣ ስንቱን አይቻለሁ። ኪራይ ከሆነ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት የሚመዘገብ ውል አብረን እንድናዘጋጅ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ደብተሩን መልሰው በፌስታሉ ጠቀለሉት። ሁለት ጊዜ አጠፉት። «አላህ ይስጥልኝ» ብለው ወጡ።

በበሩ በኩል አየኋቸው። አይሱዙ እስኪያልፍ ጠበቁና አስፋልቱን ተሻግረው ማዶ ካለው ደላላ ዘንድ ተቀመጡ። ወንበር አመጣላቸው፣ ሻይ አዘዘ። እኛ ዘንድ ከሻጭ 2 ፐርሰንት ነው፣ ከገዢም 2። ስንት እንደቀረብኝ ላስላ ብዬ ስልኬን አወጣሁና ተውኩት።