ጎማ የተቀላቀለበት ፕላስቲክ በድሬዳዋ ፀሐይ ሥር

ፖሊስታይሪን ግትርና ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ነው፤ ሲወድቅ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። በክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ፖሊቡታዳይን የተባለ ጎማ በአግባቡ ሲገባበት፣ ድንገተኛ ምትን የመቋቋም ዐቅሙ በብዙ እጥፍ ያድጋል። በምኅጻር ሂፕስ የሚባለው ይህ ቁስ የፍሪጅን ውስጠኛ ግድግዳ ለመሥራት ያገለግላል።

ለስላሳው ጎማ ስብራትን የሚከላከለው ምቱን እንደ ትራስ እየዋጠ ነው የሚለው አስተሳሰብ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ጎማው ራሱ የሚወስደው ኃይል አነስተኛ ነው፤ አብዛኛውን የሚወስደው ፖሊስታይሪኑ ነው። ቁሱ ሲሳብ ውጥረቱ በእያንዳንዱ የጎማ ቅንጣት ዙሪያ ይከማቻል፤ በዚያም ክሬዝ የሚባሉ እጅግ ቀጫጭን ሽንቁሮች ይፈጠራሉ። ክሬዝ ከተራ ስንጥቅ የሚለየው ሁለቱ ግድግዳዎቹ በተዘረጉ የፖሊመር ክሮች ተያይዘው በመቆየታቸው ነው። እነዚህን ክሮች ለመዘርጋት ኃይል ያስፈልጋል። ክሬዙ ሲያድግ ሌላ ቅንጣት ያገኘውና ይቆማል፤ በአንድ ገዳይ ስንጥቅ ፈንታም እልፍ ክሬዞች ጉዳቱን ይካፈሉታል። ሂፕስ ሲታጠፍ የሚወጣው ነጭ መስመር የእነዚሁ ምልክት ነው። በናይለንና በፖሊፕሮፒሊን ግን ሂደቱ ይለያል፤ ቅንጣቶቹ ውስጣቸው ተቦርቡሮ ክፍተት ይፈጥራሉ፣ በመካከላቸው ያለው ፕላስቲክም ሳይሰነጠቅ ይለጠጣል።

ጎማና ፖሊስታይሪንን አቅልጦ ማማሰል ብቻውን ብዙም አይፈይድም። ሁለቱ በተፈጥሯቸው አይዋሐዱም፤ የመገናኛ ገጻቸውም በቀላሉ ይላቀቃል። ስለዚህ ጎማው አስቀድሞ በፈሳሹ ስታይሪን ውስጥ ይሟሟል፤ ስታይሪኑ ወደ ፖሊመርነት ሲለወጥ ከፊሎቹ ሰንሰለቶች በጎማው ላይ ይተከላሉ። ድብልቁ እየተማሰለ ሲሄድም ጎማው በቅንጣት መልክ ይለያል፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ትናንሽ የፖሊስታይሪን ጠብታዎችን በሆዱ ስለሚይዝ ጥቂት ጎማ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። በሂፕስ የተለመደው የቅንጣት መጠን ከ1 እስከ 3 ማይክሮሜትር ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ ክሬዙን ማስቆም ይሳነዋል።

የድሬዳዋ ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በዚህች ከተማ ውርጭ አይታወቅም። በብርዳማ አገሮች በመኪና መከላከያ ፖሊፕሮፒሊን ላይ ኢፒዲኤም የተባለ ጎማ የሚጨመርበት አንዱ ዋና ምክንያት ግን ውርጭ ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን በዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢና ከዚያ በታች ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናልና። ለክረምታቸው የተቀመረውን የጎማ መጠን እንዳለ መውሰድ ለድሬዳዋ ጥቅሙ ጥቂት ነው። ጎማ ግትርነትን ይቀንሳል፤ ሙቀቱም በበኩሉ ፕላስቲኩን ያላላዋል።

እዚህ ዋናው ባላንጣ ፀሐይ ነው። የፖሊቡታዳይን ሰንሰለት ድርብ ቦንዶች ስላሉት አልትራቫዮሌት ጨረርና ኦክሲጅን በቀላሉ ያጠቁታል። ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ሲተሳሰሩ ጎማው ጎማነቱን አጥቶ ይደርቃል። ቀኑን ሙሉ አደባባይ ላይ የሚውል ባጃጅ (ድሬዳዋን ያለ ባጃጅ ማሰብ አዳጋች ነው) የመስታወት ማቀፊያው ከኤቢኤስ ከሆነ፣ ማለትም ፖሊቡታዳይን ካለበት ፕላስቲክ ከተሠራ፣ ቀለምና ማረጋጊያ ካልጠበቁት በቀር መጀመሪያ ይወይባል፤ ከዚያም ይሰባበራል። ጉዳቱ ከገጹ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ጥልቀት ብቻ ሊኖረው ይችላል። ያ ግን በቂ ነው። በደረቀው ስስ ሽፋን የተጀመረ ስንጥቅ በፍጥነት ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ፣ ያልተጎዳው ክፍል ክሬዝ አብዝቶ ለመቋቋም ፋታ አያገኝም።

ስለዚህ ከቤት ውጭ ለሚውል ዕቃ ድርብ ቦንድ በሰንሰለቱ የሌለበት ጎማ ይመረጣል። ኤኤስኤ የተባለው ፕላስቲክ የኤቢኤስ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ በፖሊቡታዳይን ፈንታ አክሪሊክ ጎማ ይዟል። የኢፒዲኤም ዋና ሰንሰለትም ድርብ ቦንድ የለበትም። ይሁን እንጂ ፖሊፕሮፒሊን ራሱ ለፀሐይ ደካማ በመሆኑ፣ ምንም ዓይነት ጎማ ቢጨመርበት ያለ ጨረር ማረጋጊያ ወይም ያለ ጥቁር ካርቦን ብዙ አይዘልቅም።

ከዚህ የተነሣ በ23 ዲግሪ፣ በአዲስ ናሙና ላይ የተለካ የምት መቋቋም ቁጥር ለድሬዳዋ ገዢ የሚነግረው ነገር ውስን ነው። ናሙናው ለወራት ጣራ ላይ ከቆየ በኋላ ሊመታ ይገባል፤ አመታቱም ፀሐይ የመታው ገጽ እንዲለጠጥ የሚያደርግ መሆን አለበት። ያው ናሙና ተገልብጦ ቢመታ የደረቀው ገጽ ስለሚጨመቅ እንደ አዲስ ዕቃ ሊቋቋም ይችላል።