ሂውስተን የተቀመጠው የሚኪ ሌላንድ ማህደር

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣኑን ሲለቅ ጽሕፈት ቤቱ ያፈራው ወረቀት የመንግሥት ንብረት ሆኖ ይቀራል። ከፕሬዚዳንት ኒክሰን ቅሌት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ሕግ እንዲህ ደንግጓል። የኮንግረስ አባል ግን በዚህ ሕግ አይታሰርም። ከመራጮቹ የደረሰው ደብዳቤ፣ የንግግሩ ረቂቅ፣ ረዳቶቹ የጻፉለት ማስታወሻ፣ የቀን ውሎው ሰሌዳ፣ ፎቶግራፉ፣ ሁሉም የግል ሀብቱ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ቢሰጠው መልካም፤ ጋራዥ ውስጥ ቢከምረው፣ ቢጥለው የሚጠይቀው የለም። ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ2008 አባላቱ ሰነዶቻቸውን ጠብቀው እንዲያስቀምጡ የሚያሳስብ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል፤ ማንንም አያስገድድም።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ77ቱ ድርቅ ዘመን የአሜሪካን ኮንግረስ ስለ ረሃብ ሲወተውቱ የኖሩትና በመጨረሻም እዚሁ አገራችን መሬት ላይ ሕይወታቸው ያለፈው የኮንግረስ አባል የሚኪ ሌላንድ ሰነዶች፣ ሂውስተን በሚገኘው ቴክሳስ ሳዘርን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው የተሰየመ መንገድ አለ። ሰውየው ምን ሠርተው ስማቸው እዚያ እንደደረሰ በዝርዝር ማወቅ የሚፈልግ ሰው መሄድ ያለበት ወደ ሂውስተን ነው።

ሌላንድ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1944 ለበክ፣ ቴክሳስ ውስጥ ሲሆን፣ ያደጉት ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የሂውስተን የጥቁሮች ሰፈር ነው። እዚያው ቴክሳስ ሳዘርን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፋርማሲ አጠኑና በ1970 ተመረቁ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚነገር ታሪክ አለው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1947፣ ቴክሳስ ጥቁር ተማሪዎችን ወደ ነጮቹ ዩኒቨርሲቲ ላለማስገባት ስትል ነው። ዛሬ ያ ግቢ የሁለት ታላላቅ ጥቁር እንደራሴዎችን ሰነድ ይዟል። አንደኛዋ እዚያው የተማሩት ባርባራ ጆርዳን ናቸው። ጆርዳን 18ኛውን የቴክሳስ ምርጫ ክልል ከ1973 ጀምሮ ወክለው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲለቁ፣ ወንበሩን የተረከቡት ሌላንድ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ የአንድን ምርጫ ክልል ሕዝብ ጥያቄና የወኪሎቹን መልስ ከ1973 እስከ 1989 ድረስ በአንድ ግቢ መከታተል ይችላል። እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ቦታ አይገኝም።

የቴክሳስ ግዛት ምክር ቤት አባል ሳሉ ዳሺኪ የሚባለውን አፍሪካዊ ልብስ ለብሰው በመግባታቸው የታወቁት ወጣት፣ ዋሽንግተን ሲደርሱ ረሃብን ዋና ሥራቸው አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1984 መጀመሪያ ላይ በእሳቸው ግፊት የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ረሃብ የሚመክር ልዩ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሊቀመንበሩም እሳቸው ሆኑ። የኮረም ሕፃናት ምስል በቢቢሲ ዓለምን ያስደነገጠው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ጩኸቱ ሲመጣ ጆሮ የሚሰጥ ኮሚቴ ቀድሞ ተዘርግቶ ጠብቆታል ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ኮንግረሱ ለአፍሪካ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕርዳታ ሲፈቅድ፣ ከገፉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሌላንድ ነበሩ።

ኮሚቴው የሕግ ረቂቅ አጽድቆ ለምክር ቤቱ የማቅረብ ሥልጣን አልነበረውም። ምስክር ጠርቶ ማዳመጥ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሌሎችን ኮሚቴዎች መጎትጎት፣ ጋዜጠኛ ይዞ መጠለያ ጣቢያ መሄድ፣ ያለው አቅም ይኸው ነበር። ሥልጣን ያለው ኮሚቴ ሥራውን ሕግ ላይ ጽፎ ያልፋል። ሥልጣን የሌለው ኮሚቴ ሥራ ግን የሚታየው በደብዳቤው፣ በስልክ ማስታወሻው፣ «ለእገሌ ዛሬውኑ ይደወል» ተብሎ በኅዳግ ላይ በተጫረው መስመር ነው። የሌላንድን የግል ሰነዶች ከሌላው የኮንግረስ አባል ሰነድ ይበልጥ የምንፈልጋቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1989) ሌላንድ ከአዲስ አበባ ተነስተው ጋምቤላ ውስጥ ወደሚገኘው የፒኝዶ የሱዳን ስደተኞች መጠለያ ሲበሩ፣ አውሮፕላኑ ከተራራ ጋር ተጋጨ። በውስጡ የነበሩት 16 ሰዎች፣ አሜሪካውያኑም ኢትዮጵያውያኑም፣ በሙሉ አለቁ። ስብርባሪው የተገኘው ከ6 ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። ሌላንድ ገና 44 ዓመታቸው ነበር።

ይህ አሟሟት ሰነዱ ላይም አሻራውን ይተዋል። በጡረታ የሚሰናበት ፖለቲከኛ ወረቀቱን ከማስረከቡ በፊት ያጣራል፤ የሚያሳፍረውን ያወጣል፣ የሚያስመሰግነውን ከላይ ያደርጋል። በሥራ ላይ እያሉ በድንገት የሄዱ ሰው ግን ያንን ጊዜ አያገኙም። በአሜሪካ ደንብ፣ የምክር ቤት አባል ሲሞት ተተኪው እስኪመረጥ ድረስ ቢሮው በምክር ቤቱ ዋና ጸሐፊ ሥር ይቆያል፤ የግል ሰነዱን ዕጣ የሚወስነው ቤተሰብ ነው። ለታሪክ ጸሐፊ፣ ባለቤቱ ያላጣራው ሰነድ ታማኝነቱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ወረቀቱ ቤተ መዛግብት ከገባ በኋላ ያለው ሥራ ዝምተኛና ረጅም ነው። የሰነድ ባለሙያ ካርቶኑን ከፍቶ በርዕስ ወይም በቀን አይደለድልም። የቢሮው ጸሐፊ ባስቀመጠችበት ቅደም ተከተል ይተወዋል። የሂውስተን የቤት ኪራይ አቤቱታና የሱዳን ጉዞ ዕቅድ አንድ ፎልደር ውስጥ ከተገኙ፣ አንድ ላይ ይቆያሉ፤ የቢሮው ውሎ ያ ስለነበረ። ከዚያ የዛገውን የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አንድ በአንድ ይነቅላል። የጋዜጣ ቁራጭ አሲድ ስላለው ጎኑ ያለውን ደብዳቤ ቢጫ ያደርገዋል፤ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ዋናው ይለያል። በእ.ኤ.አ. ሰማንያዎቹ ዓመታት ሰነድ ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረው ፋክስ ነው። ያኔ ፋክስ የሚታተመው በሙቀት በሚጠቁር ልሙጥ ጥቅል ወረቀት ላይ ነበር፤ ጽሑፉ ከዓመት ዓመት እየገረጣ ይሄድና ባዶ ወረቀት ይቀራል። አስቸኳይ መልእክት የሚላከው ደግሞ በዚያ ነበር። ባለሙያው ቀድሞ ካልደረሰበትና ወደ ሌላ ወረቀት ካልገለበጠው ለዘለዓለም ይጠፋል። በመጨረሻ ሁሉም አሲድ በሌለው ፎልደርና ሣጥን ይገባና፣ የትኛው ሣጥን ምን እንደያዘ የሚያሳይ ዝርዝር መዝገብ ይዘጋጅለታል።

ሁሉም ሣጥን ለሁሉም አይከፈትም። የኮንግረስ አባል ቢሮ ትልቁ የዕለት ሥራ የመራጮችን ጉዳይ መከታተል ነው፤ የጡረታ አበል የዘገየባት አሮጊት፣ ልጁን ከውጭ ማስመጣት ያቃተው አባት ይጽፉለታል። እነዚህ ደብዳቤዎች የሕመም፣ የገቢና የመኖሪያ ፈቃድ ምስጢር ስለሚይዙ፣ ቤተ መዛግብት እንዲህ ያሉትን ፋይሎች ለረጅም ጊዜ ይዘጋሉ፤ አንዳንዶቹም ከነጭራሹ አይረከቧቸውም። መዘጋቱን ሳስበው ቅር አይለኝም። እነዚያ ሰዎች ለወኪላቸው ጻፉ፤ ለእኔ አልጻፉም።

የሌላንድን ሥራ በሙሉ ማየት የሚፈልግ ሰው ሌላም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። የረሃቡ ኮሚቴ ሰነድ የእሳቸው ንብረት አልነበረም። የኮሚቴ መዝገብ የምክር ቤቱ ስለሆነ የሚቀመጠው ዋሽንግተን፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው፤ አብዛኛውም 30 ዓመት ሲሞላው፣ ጥንቃቄ የሚሻው ደግሞ በ50 ዓመቱ ለተመራማሪ ይከፈታል። ስለዚህ ኮሚቴው የሰማው ምስክርነት አንድ ከተማ፣ ሊቀመንበሩ ለሚቀርቧቸው ሰዎች የጻፉት ሌላ ከተማ ነው።

ሦስተኛው ወገን የእኛ ነው። ከዋሽንግተን ለተነሳው እህል አዲስ አበባ ላይ ተቀባይ ነበረው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሪፖርት ያወጣ፣ ጥያቄ ይልክ፣ እንግዳ ይቀበል ነበር። ሌላንድም ከደርግ መንግሥት ጋር ፊት ለፊት መነጋገርን አልሸሹም፤ ሕዝቡን ለማዳን ሲሉ አገራቸው በኮሙኒስትነት የፈረጀችውን መንግሥት በር አንኳኩተዋል። ከ77 የተረፍን ሰዎችና ልጆቻችን ስለዚያ ዘመን ስናወራ አንደኛው ወገን ዕርዳታን ሁሉ የፖለቲካ ወጥመድ ያደርገዋል፤ ሌላው ሁሉንም ለረሃቡ ገንዘብ ያሰባሰቡ ዘፋኞች ቸርነት ያደርገዋል። የእነዚህን ቢሮዎች ደብዳቤ ከነመልሱ፣ በየቀኑ፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው እንዲህ በደፈናው ሊናገር አይችልም። በዋሽንግተን አካባቢና በቴክሳስ የሚኖሩ፣ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም የሚያነቡ ወጣት ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ይህን ሥራ ከእነሱ የተሻለ የሚሠራው አላይም።

ለሚነሳ ሰው አካሄዱ ቀላል ነው። ለቴክሳስ ሳዘርን ቤተ መጻሕፍት የልዩ ስብስቦች ክፍል አስቀድሞ ይጻፋል፤ የሚፈለገው ርዕስና ዘመን ይገለጻል። በንባብ ክፍሉ ቦርሳ ውጪ ይቀራል፣ እስክሪብቶ አይፈቀድም፣ በእርሳስ ይጻፋል። ሣጥን የሚወጣው በየተራ ነው፤ ከሣጥኑም አንድ ፎልደር ብቻ ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል። ገጾቹ በነበሩበት ቅደም ተከተል ተመልሰው ካልገቡ ቀጣዩ ፎልደር አይወጣም።